የሠርግ ዲቪዲን ለስልክ አዘጋጅቶ የማበላሸት ሙያ

በብዙ ቤት የቡፌ መሳቢያ ውስጥ አንድ የሠርግ ዲቪዲ አይጠፋም። ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። «እስቲ ስልኬ ላይ ጫንልኝ» የሚል ዘመድ ግን አላለቀም። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ በቤተሰቡ ዘንድ «ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ» ተብሎ ስለተመዘገበ ማምለጫ የለውም። ሥራውን አሳምሮ የሠራ የሚያገኘው ሽልማት ሁለተኛ ዲቪዲ ነው፤ ከዚያ የልጆቹ ክርስትና፣ ከዚያ የጎረቤት ምርቃት ይከተላል። በወጉ ያበላሸው ግን ዳግመኛ አይጠየቅም። የሚከተለው ምክር ለዚህኛው ወገን ነው።

ጥፋት ሁሉ የሚጀምረው ካለማየት ነው። በሊኑክስ ቪዲዮ ለመቀየር ብዙ ሰው የሚጠቀመው ኤፍኤፍኤምፔግን ነው፤ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው፣ ተርሚናል ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም። ከእሱ ጋር ኤፍኤፍፕሮብ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አብሮ ይጫናል። ፋይል ሲሰጡት ምስሉ በምን ኮዴክ እንደታመቀ፣ ስፋትና ቁመቱ ስንት እንደሆነ፣ የድምፁ ዓይነት ምን እንደሆነ በቅጽበት ዘርዝሮ ይነግርዎታል። አይንኩት። የባለጉዳዩ ስልክ ምን ዓይነት እንደሆነም አይጠይቁ። ከየት ተነስተው የት እንደሚደርሱ ካወቁ፣ ሳያስቡት ትክክለኛውን መንገድ ሊይዙ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚፈጥነው ዘዴ ስም መቀየር ነው። ዲቪዲውን ሲከፍቱ መጨረሻቸው ቪኦቢ የሚል፣ እያንዳንዳቸው እስከ 1 ጊጋባይት የሚደርሱ ፋይሎች ያገኛሉ። ቪኦቢ የሚለውን ያጥፉና ኤምፒ4 ብለው ይጻፉበት። ውስጡ ያለው ነገር አልተለወጠም፤ ምስሉ ያው ኤምፔግ-2 ነው፣ ድምፁም ብዙ ጊዜ ኤሲ-3። ኤሲ-3ን ብዙ ስልኮች ከነጭራሹ አያውቁትም። ስለዚህ ዕድል ከቀናዎት ሙሽሮቹ በጸጥታ ይጨፍራሉ። አክስትዎ ደውለው «ልጄ፣ ድምፅ የለውም እኮ፤ ስልኬ ይሆን የተበላሸው?» ቢሉ፣ «ሳይሆን አይቀርም እትዬ» ይበሏቸው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ የሰፈር ልጅ ቪኤልሲን እንዳይጭንላቸው። ቪኤልሲ የራሱን ኮዴኮች ይዞ ስለሚመጣ ያንኑ ፋይል ከነድምፁ አጫውቶ ድካምዎን መና ያስቀረዋል።

ተቃራኒውም ያስኬዳል። አንዳንዴ የሚመጣልዎ ፋይል ኤምኬቪ ይሆንና ውስጡ ያለው ግን ስልክ የሚወደው የኤች.264 ምስልና የኤኤሲ ድምፅ ነው። የሚያስፈልገው መያዣውን መለወጥ ብቻ ነበር፤ «ኮፒ» የምትለውን ቃል ትእዛዙ ላይ ቢጨምሩ፣ የሁለት ሰዓት ፊልም ጥራቱ ሳይነካ ወዲያው ያልቃል። እርስዎ ግን እንደ አዲስ ያሳምቁት። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሲያፏጭ ያድራል፣ ጠዋት ከነበረው የባሰ ምስል ያስረክብዎታል። አንዴ የጠፋ ጥራት በድጋሚ በማመቅ ተመልሶ አያውቅም፤ በዚህ በኩል ስጋት አይግባዎት።

ትእዛዙን ከየት ያመጣሉ? ከኢንተርኔት፣ ያውም አሮጌውን። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኤፍኤፍኤምፔግ ሊባቭ የሚባል ፕሮጀክት ተገንጥሎ ነበር፤ ኡቡንቱም ለጥቂት ዓመታት እሱን ሲያቀርብ ቆይቶ በ15.04 ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከዚያ ዘመን የተረፉት «ኤቪኮንቭ» ብለው የሚጀምሩ ትእዛዞች ዛሬ ቢጻፉ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» ከመባል አያልፉም። ጊዜ ለማባከን ጥሩ ናቸው። ከእነሱ የሚበልጠው ግን ለድሮ የኖኪያ ቀፎዎች የተጻፈው የ3ጂፒ ቀመር ነው። ምስሉን 176 በ144 ያደርገዋል፤ ድምፁን በኤኤምአር ያምቀዋል። ኤኤምአር የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው፦ አንድ ቻናል፣ በሰከንድ 8000 ናሙና፣ ቢበዛ 12.2 ኪሎቢት። ከ4000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። እልልታ ደግሞ ንግግር አይደለም። ከአሥር ሴቶች እልልታ የሚተርፈው፣ ውሃ ሊመጣበት ሲል ቧንቧ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሙያ እንግባ። የእኛ አገር የሠርግ ዲቪዲ ምስል ባመዛኙ 720 በ576 ነው፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። በካሴት ካሜራ የተቀረጸ ከሆነ እያንዳንዱ ሥዕል ከሁለት ግማሾች የተገጠመ ነው። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ የሚሄደው መስመር በአንድ ቅጽበት ይያዛል፤ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛው ደግሞ ከ1/50ኛ ሰከንድ በኋላ። ተደርድረው ፎቶ ለሚነሱት ሽማግሌዎች ይህ ምንም አይደለም። እስክስታ ሲጀመር ግን ጉድ ይፈላል። በዚያች 1/50ኛ ሰከንድ ትከሻው ቦታ ይለውጣል፤ አንደኛው ግማሽ እዚህ፣ ሁለተኛው እዚያ ይይዘዋል። የድሮው ቴሌቪዥን ግማሾቹን ተራ በተራ ስለሚያሳያቸው ዓይን አይለያቸውም ነበር። የስልክ ስክሪን ግን ሁለቱን አንድ ላይ ያነጥፋቸዋል፤ የሚዜው ትከሻ ጠርዝ ይሸረሸርና በቀጫጭን አግድም መስመሮች ይበጣጠሳል። ይህን የሚያስተካክል ያዲፍ የሚባል ማጣሪያ ኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ አለ።

ያዲፍን መርሳት ለጀማሪ ይበቃል። ለዚህ ሙያ የተካነ ግን ያዲፍን ይጨምረዋል፤ ምስሉን ካሳነሰ በኋላ። ማጣሪያዎች የሚሠሩት በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። ቁመቱን አስቀድመው ወደ 360 ካወረዱት የሁለቱ ግማሾች መስመሮች እርስ በርስ ይደባለቃሉ፤ ያዲፍ ተራው ሲደርስ የሚለየው ነገር አያገኝም። ትእዛዙን ያየ ሰው ሁለቱንም ማጣሪያዎች ስለሚያገኝ ሊወቅስዎ አይችልም። ሚዜው ግን አራት ትከሻ አብቅሎ ይቀራል፤ ከዚህ ፋይል ተነስቶ እሱን የሚያድን ፕሮግራም የለም።

ምጥጥን ማዛባት ከሚመስለው በላይ ያስቸግራል። «1280 በ720 አድርገው» ብለው በግድ ቢያዙት እንኳ ኤፍኤፍኤምፔግ የድሮው ምጥጥን እንዳይጠፋ ፋይሉ ውስጥ ማስታወሻ ይተዋል፤ ማስታወሻውን የሚያነብ ማጫወቻም ምስሉን መልሶ ያቃናዋል። ይህን ጨዋነት ለማሸነፍ «አስፔክት 16 በ9» ብለው ለይተው ይዘዙ። 4 በ3 የተቀረጸችው ሙሽራ በሲሶ ያህል ወደ ጎን ትሰፋለች፤ ዘመድ አዝማዱም «ለካ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች?» እየተባባለ ይከርማል።

ጥራቱን የሚወስነው ሲአርኤፍ የሚባል ቁጥር ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ኤች.264ን ለማመቅ በሚጠቀምበት በኤክስ264 ከ0 እስከ 51 ይደርሳል፤ ካልነኩት 23 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል፤ በ6 ዝቅ ባለ ቁጥር ፋይሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጀማሪ 51 ይልና ፊቶቹን ሁሉ ወደ ካሬ ይለውጣል፤ ይህ ግን ማንም የሚነቃበት ጥፋት ነው። እርስዎ 0 ይበሉ። «ለእትዬ ከፍተኛውን ጥራት ነው የሰጠሁት» ቢሉ አልዋሹም፤ 0 ማለት ምንም ሳይጎድል ማመቅ ነው። ኤክስ264 ግን ለዚህ ሲባል «ሃይ 4፡4፡4 ፕሪዲክቲቭ» ወደሚባል ፕሮፋይል ይሻገራል፤ የአብዛኞቹ ስልኮች ቺፕ ደግሞ እሱን አይፈታም። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት ካለፈም በፋት32 ፎርማት የተደረገ ሚሞሪ ካርድ ጭራሽ አይቀበለውም። አንድ ዜሮ ለሁለት ጥፋት። ፍጥነቱን ደግሞ «ፕላሴቦ» ላይ ያድርጉት። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም፤ ጊዜ ከመፍጀት በቀር እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም ስለሌለው ሠሪዎቹ ራሳቸው የሰጡት ነው።

ዘመናዊ መባል የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውን ኤች.265ን ይምረጥ። ተመሳሳይ ጥራት በግማሽ ገደማ መጠን ይሰጣል፤ አሮጌ ስልክ ላይ ግን ቺፑ ስለማያግዝ ምስሉ እየተንተባተበ ባትሪው ይግላል። ኤች.264ንም ቢሆን በ10 ቢት ካመቁት ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

የሙሽሮቹን ስም ቪዲዮው ላይ መጻፍ ሌላው የክብር ሥራ ነው። ጽሑፍ የሚያትመው የኤፍኤፍኤምፔግ ማጣሪያ አንድ ፎንት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት አይበደርም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ቢያሳዩት ግዕዙን አሳምሮ ይጽፈዋል። እንግዲያውስ ምንም አያሳዩት፤ ያገኘውን የላቲን ፎንት ያንሳ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከስክሪኑ ግርጌ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ። ምስሉ ላይ ስለታተሙ በኋላ መንቀል አይቻልም።

መብራትም አጋዥዎ ነው። ኤምፒ4 ፋይል የትኛው ሥዕል የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ ካልታዘዘ በስተቀር ይህን ማውጫ የሚጽፈው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ሶኬት ላይ ሰክተው በፕላሴቦ ያስጀምሩትና ይተኙ። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ከሄደ የቀረው ጥቂቱ ብቻ አይደለም፤ ያለ ማውጫ ጠቅላላው አይከፈትም። ኤምኬቪ ብለውት ቢሆን ኖሮ እስከዚያ የተጻፈው ይጫወት ነበር፤ ስለዚህ ኤምኬቪን ለመሸጋገሪያነት እንኳ አይጠቀሙ።

ኤፍኤፍኤምፔግ በነባር ፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት «ልጻፍበት?» ብሎ ይጠይቃል። ሰረዝ ዋይ ብለው አስቀድመው አፉን ያስይዙት። ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ በአንድ ትእዛዝ ያሰልፏቸውና፣ እያንዳንዱ ሲያልቅ ዋናው እንዲሰረዝ «አርኤም»ን ያስከትሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በሁለቱ ትእዛዞች መካከል የኤንድ ምልክት ሁለት ጊዜ ከጻፉ ዋናው የሚሰረዘው ቅየራው ከተሳካ ብቻ ነው። ሴሚኮለን ይጻፉ። ያኔ ቅየራው ቢሳካም ባይሳካም ዋናው ይሄዳል፤ በአርኤም የሄደ ፋይል ደግሞ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

ይህን ሁሉ አልፎ ደህና ፋይል ከወጣ ተስፋ አይቁረጡ፤ ወደ ሚሞሪ ካርዱ መገልበጡ ገና ነው። ሊኑክስ «ጨርሻለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የፋይሉ ጭራ ገና ራም ውስጥ ሆኖ ወደ ካርዱ እየተጓዘ ነው። «ሲንክ» ብሎ መጠበቅ ወይም ካርዱን በሥርዓቱ ማስወጣት የሰነፍ ሥራ ነው። መስመሩ ሞልቶ እንዳዩ መንጭቀው ይንቀሉትና ለእትዬ ይስጧቸው፤ ያልደረሰው ጭራ ማውጫው ያለበት ነው። «አይከፍትም» ብለው ሲደውሉ ዲስኩን መልሰው እንዲያመጡ ይንገሯቸው። «አንተ ዘንድ አይደል እንዴ?» ካሉ፣ «ፋይሉ ስላለ ጣልኩት» ይበሏቸው።