መቶ ዶላር እስክትሞላ

ነገሌ ቦረና ተቀምጠን ብሎግ የምንጽፍ ሰዎች ጥቂት ነን። ስንገናኝ ወሬያችን ያው ነው፤ መብራት፣ ኔትወርክ፣ አልሞላ ያለችው መቶ ዶላር።

«ስንት ደረሰልህ?»

«ሰላሳ አንድ።»

«ባለፈው ወርም ሰላሳ ነኝ አላልከኝም እንዴ?»

«ብዬሃለሁ።»

ከዚያ ሁለታችንም ዝም ብለን ሻያችንን እንጠጣለን።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ትጽፋለህ፤ ጉግል አድሴንስ በገጽህ ላይ ማስታወቂያ ያሳያል፤ አስተዋዋቂው ከከፈለው ላይ ድርሻህን ትወስዳለህ። ሂሳብህ መቶ ዶላር ሲሞላ ይላክልሃል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ሌላ አገር በዚህ ገቢ ቤት የሠሩ አሉ። እኛም ሰማን፣ እኛም ጀመርን፣ እኛም ይኸው እንቆጥራለን።

መጀመሪያ ያጋጠመን ቋንቋው ነው። ነገሌ ገበያ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ እኩል ይሰማሉ። አንድ የፍየል ነጋዴ በአንዱ ተከራክሮ፣ በሌላው ምሎ፣ በሦስተኛው ሂሳብ ይዘጋል። እኛ ስናመለክት ድርጅቱ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች መካከል ከሦስቱ አንዱም አልነበረበትም። ስለ ከብት ዋጋ የጻፍነው፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት የጻፍነው፣ ወደ ሻኪሶ ስለሚወስደው መንገድ የጻፍነው፣ የአገሩ ሰው ፈልጎ የሚያነበው ሁሉ ሳንቲም አያመጣም ተባልን። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጻፍን። ከከተማችን አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ ስለምትኖረው፣ ሊበን ላርክ ስለሚሏት ትንሽ ቡናማ ወፍ ጻፍን። ወዲያው ተቀበሉን። ወፏ ሊጻፍላት ይገባል፤ ሜዳዋን እርሻና ቁጥቋጦ እያጠበበባት ልትጠፋ የተቃረበች ፍጥረት ናት። ግን በዚያው ሜዳ ከብቱን የሚያግደው ሰውስ? ለባሕር ማዶ ሰው ስለ ወፏ ስንጽፍ ተቀበሉን፤ ለእረኛው በገዛ ቋንቋው ስለ ከብቱ ስንጽፍ አልተቀበሉንም። ይሁን፣ ይህንንም ቻልነው።

ቀጥሎ ደብዳቤው መጣ። መጣ ስል፣ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። ሂሳብህ አሥር ዶላር ሲደርስ አድራሻህን ለማረጋገጥ የምስጢር ቁጥር ይልኩልሃል። የሚልኩት በፖስታ ነው። ስልክህን ያውቁታል፣ ኢሜይልህን ያውቁታል፣ ቁጥሩን ግን በወረቀት ይልካሉ። ቅጹ የመንገድ ስም ይጠይቃል፣ የቤት ቁጥር ይጠይቃል። የኔ ቤት አድራሻ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ የውሃ ቦቴ ከሚቆምበት አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር» ነው። ይህ በቅጹ ላይ አይገባም። ፖስታ ሣጥን የሌለን ሰዎች ሣጥን ካለው ሰው እንለምናለን፤ እኔም አንድ ትልቅ ሰው ለምኜ በእሳቸው ሣጥን አስላክሁ። ቁጥሩ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያው ከገጹ ላይ ይወርዳል። በየሳምንቱ ሄጄ ጠየቅሁ። በየሳምንቱ «ገና ነው ልጄ» አሉኝ። በአምስተኛው ወር ከመሳቢያቸው አውጥተው «እንካ፣ የባንክ መስሎኝ አስቀምጬልህ ነበር» አሉኝ። ዳርና ዳሩ ተቀዶ የሚከፈት፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ወረቀት ነው። ውስጡ ስድስት አኃዝ አለ። እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ማስታወቂያው ከገጼ ከወረደ አንድ ወር ሆኖት ነበር። እሳቸውን ምን ልበል? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሄድኩ። ይሁን፣ ይህንንም ቻልነው።

መብራትስ? ገናሌ የኛው ቆላ ወንዝ ነው። በዚሁ ወንዝ ላይ የተሠራው ገናሌ ዳዋ 3 ጥር 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 254 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ ነው። ሲመረቅ ደስ ብሎናል፣ ዛሬም ደስ ይለናል። የኛ ቤት ግን ጽሑፉ ሊያልቅ ሁለት አንቀጽ ሲቀረው ይጨልማል። ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ነው፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ሲመጣ ብር አልቋል። ብር ሲሞላ መብራት ሄዷል። ስልኬን መስኮቱ ጥግ ላይ፣ በሁለት የዘይት ጠርሙስ መሃል አስደግፌ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ቦታ አንድ ስንዝር ከራቀ መስመሩ ይጠፋል። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ያንን ጠርሙስ ማንም አይነካም። የማብሰያ ዘይት ሲያልቅ እንኳ ሌላ ይገዛል።

ይህ የሰፈራችን ነው። የአገሩም አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አምስት ወር ገደማ ታግደው ቆዩ። ብሎግ ደግሞ እንደ ሱቅ ነው፤ በሩ ተዘግቶ ከከረመ ደንበኛው ሌላ መንገድ ይለምዳል። ስንመለስ አንባቢውን ከዜሮ መልቀም ነው፤ መቶ ዶላሯም እዚያው የተውናት ቦታ ቆማ ትጠብቀናለች።

ፊደላችንንም ላንሳ። የምወደው ፊደል ነው፤ ግን በዚህ ሥራ መከራ ያሳየናል። እኔ «ሐምሌ» ብዬ የጻፍኩትን አንባቢዬ «ሀምሌ» ብሎ ይፈልገዋል። እኔ «ዓሣ» እላለሁ፣ እሱ «አሳ» ይላል። ከተማችንን አንዱ «ነገሌ»፣ ሌላው «ነጌሌ» ብሎ ይጽፋል። ደግሞ ሁለት ነገሌ አለ። የእኛን ነገሌ የፈለገ ሰው አርሲ ነገሌ ገብቶ ይወጣል፤ የስንዴና የድንች ወሬ አንብቦ፣ የግመል ዋጋ ሳያገኝ። ርዕስ ላይ «ነገሌ ቦረና፣ ሊበን» እያልን በየጽሑፉ እንደጋግማለን። አንባቢ «ምን ሆነው ነው ይህን ያህል የሚደጋግሙት?» ይላል። የሆንነው ይህ ነው።

የብሎጉ መጠሪያ የሆነው ዶሜን ደግሞ በዶላር ይገዛል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ በእጃችን የለም፤ ውጭ ያለ የአክስት ልጅ ይለመናል። አንድ ዓመት ይከፍላል፣ ሁለት ዓመት ይከፍላል፣ በሦስተኛው ስልክ ማንሣት ይተዋል። አይፈረድበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ «እናንተማ ዶላር ተከፋዮች ናችሁ፣ አለፈላችሁ» ያሉን ነበሩ። በእጃችን ያልገባ ዶላር ቢወደድ ምን ይጠቅመናል? የምናውቀው የምንከፍለው ዶላር መወደዱን ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ቅጂው ነው። በማለዳ ገበያ ወርጄ፣ ደላላውንም ሻጩንም ገዢውንም ጠይቄ፣ የበሬውን፣ የወይፈኑን፣ የፍየሉንና የግመሉን ዋጋ ለይቼ እጽፋለሁ። ቁርስ ሳልበላ የደከምኩበት ጽሑፍ፣ ምሳ ሳይደርስ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ቃል በቃል ተለጥፎ አገኘዋለሁ። ስሜ የለም፣ የብሎጉ ስም የለም፤ የፊደል ግድፈቴ ግን ሳይታረም አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማን ለሦስት አንቀጽ ጽሑፍ ፍርድ ቤት ይመላለሳል? ለባለ ቻናሉ ጽፌለት ነበር። «ወንድሜ፣ አስተዋወቅንልህ እኮ» አለኝ። በማን ስም?

አንባቢዎቻችንም እንዲህ ታደርጉናላችሁ፤ ለክፋት ብላችሁ አይደለም። የጽሑፉን አድራሻ (ሊንኩን) ብትልኩ ሰው ወደ ገጹ ይመጣል፤ እናንተ የምትልኩት የስክሪኑን ፎቶ ነው። በፎቶው ሺህ ሰው ይማርበታል፣ በኛ ቆጣሪ አንድ ሰው ገብቷል። ርዕሱን «ሰበር! ማመን የሚከብድ ጉድ!» ብሎ የጻፈው ደግሞ በአንድ ቀን የኛን የዓመት አንባቢ ያፍሳል። ጉድ የለም እኮ። ዝናብ ዘግይቷል፣ ሣር አልቋል፣ የወይፈን ዋጋ ወርዷል። ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሰበር ዜና ከየት ይምጣ?

ነጋዴዎቻችንስ? አንድ ባለ ሆቴል ዘንድ ሄጄ «ጋሼ፣ በወር ትንሽ ብር ይክፈሉንና ሆቴልዎን በገጻችን እናስተዋውቅ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ በእጃቸው ስልክ ይዘዋል፤ ስልኩ ላይ የከብቱ ዋጋ ተከፍቷል። የኔ ጽሑፍ ነው፣ በፎቶ ተልኮላቸው። ለዓመቱ በዓል ሞንታርቦ የጫነ መኪና ተከራይተው ቀኑን ሙሉ ከተማውን አስጩኸዋል። ያ ጩኸት በማግስቱ የለም። የኛ ገጽ ከጎዴም፣ ከያቤሎም፣ ከሞያሌም ሲከፈት የሚገኝ ነው። ከአሜሪካ የሚላክ መቶ ዶላር ከምንጠብቅ፣ ከዚህ ከተማ አሥር ነጋዴ በየወሩ ጥቂት ብር ቢያዋጣ ይህን ሥራ በወግ እንሠራው ነበር። የሩቁ ማሽን ቋንቋችንን አልተቀበለም፣ አድራሻችንን አያገኘውም። የቅርቡ ሰው ግን በራችንን ያውቃል።

ባለፈው የገበያ ቀን መብራትም ኢንተርኔትም ጠፍተው ዋጋውን ሳልጽፍ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ የማላውቀው ስልክ ደወለ። ሽማግሌ ናቸው። «የዛሬውን ለምን አልጻፍክም?» አሉኝ። «መብራት የለም አባቴ» አልኩ። «ነገ ሁለት ወይፈን ልነዳ ነው። ዋጋውን ሳላውቅ ከሄድኩ ደላላ ይጫወትብኛል» አሉኝ። በስልክ ነገርኳቸው። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው እየደገሙ ያዙት። መርቀውኝ ዘጉ።

ያ ጥሪ በማንም ቆጣሪ አልተመዘገበም። ሌላውን ሁሉ ቻልነው፤ እኚህ ሰው ዋጋውን ሳያውቁ ገበያ ሲወጡ ማየት ግን አንችልም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ፎቶውን ትታችሁ የገጹን አድራሻ ላኩልን።