ለጥንዚዛ የቆመ ጠበቃ

ሰው አዝመራው ላይ አውሬ ሲገባበት ቶሎ ብሎ የሚያነሣው እጁ የለመደውን ነገር ነው። ወታደር ከሆነ ጠመንጃ፣ ካድሬ ከሆነ ስብሰባ፣ ዳኛ ከሆነ መጥሪያ ያምረዋል። መሣሪያው ለአውሬው ይሁን አይሁን በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው። እህል ያጠፉ እንስሳትን ለመቅጣት የተደረጉ ዘመቻዎችን ታሪክ ያነበበ ሰው ዘማቾቹ ሞኞች ነበሩ ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኔ ግን አልስማማም። አብዛኞቹ በየሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። የጎደላቸው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «እንስሳው ለምን መጣ?» የምትል። ይህችን ጥያቄ በወጉ የጠየቀ አንድ ጉባኤ አውቃለሁ፤ እሱም ከሁሉም ይበልጥ የሚሳቅበት ነው። ወደዚያ እስክንደርስ ግን ጥይቱ ይተኮስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአውስትራሊያ መንግሥት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች በምዕራብ አውስትራሊያ መሬት ሰጥቶ ስንዴ ዝሩ አላቸው። በ1932 የስንዴ ዋጋ ወድቆ፣ ቃል የተገባላቸው ድጎማም ቀርቶባቸው ሲብሰለሰሉ፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ ኢሙዎች በካምፒዮን አካባቢ ማሳቸው ላይ ሰፈሩ። ኢሙ የሰጎን ዘመድ ነው፤ ክንፉ ለይስሙላ ነው፣ ቁመቱ ሰው ያህላል፣ ሲሮጥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገበሬዎቹ መልእክተኛ ልከው የመከላከያ ሚኒስትሩን ሰር ጆርጅ ፒርስን የለመኑት መትረየስ ነው። የመትረየስን ነገር ከጦር ሜዳ ያውቁታላ! ሚኒስትሩም ተኳሾቹን እኔ እሰጣለሁ፣ የጥይቱን ዋጋና ቀለቡን እናንተ ቻሉ አሏቸው። ሻለቃ ሜሬዲት ሁለት ወታደሮች፣ ሁለት የሌዊስ መትረየሶችና 10,000 ጥይት ይዞ፣ ፊልም አንሺም አስከትሎ ወረደ። ድሉ ለትውልድ ይተላለፍ ተብሎ መሆን አለበት።

ኖቬምበር 2 ቀን ውጊያው ተከፈተ። ኢሙዎቹ የጦር አካዳሚ የጨረሱ ይመስል በትንንሽ ቡድን ተበታተኑ። ታዛቢዎች እንደመሰከሩት በየመንጋው አንድ ረጅም ኢሙ አንገቱን አስግጎ ዘብ ይቆማል፤ ሌሎቹ ስንዴውን ይከካሉ። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ግድብ አጠገብ ደፈጣ ተያዘ። ወደ 1,000 የሚሆኑ ኢሙዎች እየተግተለተሉ መጡ፤ ሻለቃው እስኪቀርቡ ጠብቆ አስተኮሰ። አሥራ ሁለት ያህል እንደወደቁ መትረየሱ ጥይት ነክሶ ቆመ፤ የቀሩት እስኪጠገን አልጠበቁም። መትረየሱ መኪና ላይ ቢጫን መኪናው አልደረሰባቸውም፤ ማሳው ሲያንገጫግጨውም ተኳሹ አንድ ጥይት እንኳ ማውጣት አልቻለም። በሳምንቱ ጦሩ ሲመለስ የቀረበው ሪፖርት ከወገን በኩል ጉዳት የደረሰበት እንደሌለ አረጋገጠ። እውነትም ትልቅ እፎይታ ነው። በፓርላማ ሜዳልያ ይሸለም ይሆን የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ አንድ አባል የሚገባቸው ለኢሙዎቹ ነው ብለው መለሱ።

ዘመቻው እንደገና ተጀምሮ በዲሴምበር ሲያበቃ ሻለቃው በ9,860 ጥይት 986 ኢሙ ገደልኩ አለ። ለአንድ ወፍ ልክ አሥር ጥይት፤ አንድ አይተርፍ፣ አንድ አይጎድል። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚገኘው ከጦር ሜዳ ነው ወይስ ከጽሕፈት ጠረጴዛ፣ ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ። ኢሙዎቹ የመጡበት ምክንያት ግን ግልጽ ነበር። ከመራቢያው ወቅት በኋላ ከመሀል አገር ወደ ባሕሩ ዳርቻ መጓዝ የጥንት ልማዳቸው ነው። በመንገዳቸው ላይ ደኑ ተመንጥሮ፣ ስንዴው ተዘርቶ፣ ለከብት የተቆፈረው ውኃ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። ድንኳን ጥሎ፣ ድግስ ደግሶ፣ እንግዳ በዛብኝ ብሎ መተኮስ ነው።

እዚህ ላይ «ግድያው ያልሠራው ወታደሩ ስለማይችልበት ነው፤ ለአገሬው ሰው ቢተው ኖሮ ይሳካ ነበር» የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። በ1934 ለገደለ ሁሉ ጉርሻ ሲከፈል በስድስት ወር 57,034 ጉርሻ ተወሰደ፤ ማሳውን የሚያውቀው ገበሬ ሻለቃውን አስንቆታል። ነገር ግን እነዚሁ ገበሬዎች በ1943ም በ1948ም ጦሩ ይመለስልን ብለው አመለከቱ። ኢሙ አልቆ ቢሆን ማንን ሊተኩሱ ነበር? በመጨረሻ የተሻለ የጠቀማቸው አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ ኢሙው ነገም እንደሚመጣ አምኖ የሚሠራ ነገር ነው።

ካድሬው ከሻለቃው የባሰ ጉዳት አድርሷል። ቻይና በ1958 ድንቢጥን ከአይጥ፣ ከዝንብና ከወባ ትንኝ ጋር ቆጥራ ሕዝቡን አዘመተችባት። ሽማግሌው ሕፃኑ ድስትና ከበሮ እየደበደበ ድንቢጧ እንዳታርፍ ከለከላት፤ እየደከማት ከሰማይ ወደቀች። ዘመቻው ከኢሙው ይልቅ ተሳክቷል፤ ጉዱም እሱ ነው። የበላችውን እህል የቆጠሩ ሰዎች የበላችውን ተባይ አልቆጠሩም ነበርና አንበጣና ትል ተፈለፈለ። ከዚያ ለመጣው አስከፊ ረሃብ ዋናው ጥፋት የፖለቲካው ቢሆንም የድንቢጧ መጥፋት ድርሻ ነበረው። በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ ትኋን ተተካ።

«እኛስ አገር ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያስጮኹ፣ ጅራፍ እያጮኹ ወፍ አያባርሩም?» ቢባል፣ አዎ፣ ያባርራሉ። ግን ማማው ላይ ያለው ልጅ የወፍን ዘር ከምድር ላጥፋ አላለም፤ እህሉ እስኪታጨድ ከዚህ ማሳ ራቁልኝ ነው ያለው። ግሪሳ በሚሊዮን ተሰብስቦ ሲመጣ ወንጭፍ እንደማይመክተው አውቃለሁ። ለግሪሳ አውሮፕላን ተነሥቶ መድኃኒት ይረጫል። የሚረጨው ግን ወፉ አመሻሽ ላይ ተሰብስቦ የሚያድርበት ቦታ ተፈልጎ ነው፤ መርዙም ቢሆን የወፉን ጠባይ ካላወቀ ገንዘብ መድፋት ይሆናል። ጠባይን ሳያውቁ ለመዝመት ምሳሌ ካስፈለገ፣ የአውስትራሊያ ሸንኮራ አምራቾች በ1935 ከሃዋይ መቶ ያህል ጉርጦች ያስመጡት ጥንዚዛ ይበሉልናል ብለው ነው። ጥንዚዛው የሸንኮራው ጫፍ ላይ፣ ጉርጡ መሬት ላይ ሆኖ ሳይገናኙ ቀሩ። ዛሬ ጉርጡ ራሱ ተባይ ሆኖ አህጉሩን እየወረረ ነው።

አሁን ወደዚያ ጉባኤ። በ1587 በሳቮይ የሳን ዡልየን መንደር ሰዎች ወይናቸውን የጨረሱትን ጥንዚዛዎች በጳጳሱ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ይወገዙልን አሉ። ፍርድ ቤቱ ለተከሳሾቹ ጠበቃ አቆመላቸው። ጠበቃው ዘፍጥረትን ገልጦ እንስሳት ከሰው ቀድመው እንደተፈጠሩ፣ ለምለሙም ሁሉ ለምግብ እንደተሰጣቸው ተከራከረ። መንደርተኛው ተሰብስቦ መከረና ለጥንዚዛዎቹ ከወይኑ ርቆ የሚገኝ መሬት ሊሰጣቸው ተስማማ፤ ለራሱ የመተላለፊያ መብትና በጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ አስቀረ። ጠበቃው ግን ቦታው ጠፍ ነው፣ ደንበኞቼ የሚበሉት የለም ብሎ እንቢ አለ። መሬቱን የሚመረምሩ ባለሙያዎች ተሾሙ።

ሳቁ፤ መሳቅ ይፈቀዳል። ነገር ግን መትረየስ ሳይተኮስ፣ ከበሮ ሳይመታ፣ ተከሳሹ ምን ይበላል፣ ወዴትስ ይሂድ ተብሎ የተጠየቀው በዚህ ችሎት ነው። ለጥንዚዛ መሬት መቁረስ እብደት ነው ለሚል፣ በኔዘርላንድስ በክረምት ለሚመጡ ዝይዎች የግጦሽ መሬት ተከልሎ ገበሬው ካሣ የተከፈለበት አሠራር እንደነበር ላስታውሰው። ዝይ ስለሆነ አናወግዘውም፣ ጠበቃም አናቆምለትም፤ አሳቡ ግን ያው የሳን ዡልየን ነው።

የሳን ዡልየን ክስ ከጸደይ እስከ ዲሴምበር ተጓተተ። ዳኛው ምን ብሎ እንደፈረደ ግን አይታወቅም፤ የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ አይጥ ወይም ነቀዝ በልቶታል።