እስከ አስኮ የሚያስኬድ ሀፍረት

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል። ማኅተሙ ተቀየረ፣ ታፔላው ተቀየረ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የምትለው ጥያቄ ግን ከነወንበሯ አለች። ፋርማሲ ገብቶ ኮንዶም የጠየቀ ጎረምሳ ከዋጋው አስቀድሞ የሚሰማው እሷን ነው። ሻጯ የእናቱ ዕቁብተኛ ካልሆነች፣ ከኋላው የተሰለፉት ናቸው።

ስለዚህ ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል። የሰበታው ወደ አየር ጤና፣ የቡራዩው ወደ አስኮ፣ የሱሉልታው እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ። ሀፍረት የታክሲ ሂሳብ ያስከፍላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ እንክብል ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፤ ረዳቱ ግን «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ግማሽ ሰዓት ሲያቆም እንክብሉ ምኑም አይደለም።

ቤት ውስጥ ትምህርት የለም ማለት ግን ሐሜት ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ባለሙያዋ በር እያንኳኳች ትገባለች። ቡና ይፈላል፤ እናት ስለ ሦስት ወሩ መርፌ፣ ጎረቤት ክንዷ ላይ ስለተቀበረላት ያወራሉ። ልጅቷ ፈንዲሻ ይዛ ብቅ ስትል «ልጅ አለ!» ይባልና ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ይታጠፋል። ልጅ የተባለችው 16 ዓመቷ ነው። እሷ በገባች ቁጥር ሽንኩርት ለምን እንደሚወደድ ካወቀች ቆይታለች።

መምህሩም የራሱ ዘዴ አለው። የአበባን መራባት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሥዕል ያስረዳል። የሰው ተራ ሲደርስ «ይሄን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፋል። ተማሪው ሳይታዘዝ አንብቦ የጨረሰው ምዕራፍ እሱ ብቻ መሆኑን መቼም አያጣውም። ያልገባቸውን ጓደኛ ያስረዳል፦ «በመጀመሪያ ቀን አይያዝም»፣ «ለስላሳ ጠጪበት»። ሁለቱም ውሸት ናቸው፤ ግን የማን ልጅ እንደሆንሽ ሳይጠይቁ ነው የሚነገሩት።

ጤና ጣቢያው ለወጣቶች ክፍል አዘጋጅቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። በሩ ላይ «ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት» ተብሎ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ተጽፏል። ፊት ለፊቱ ሕፃን ሊያስከትቡ የመጡ የሰፈር እናቶች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። ከዚያ በር የወጣች ልጅ ቤቷ ሳትደርስ ወሬዋ ይደርሳል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገሪቱ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል ይላል። ሆዱ ገፋ ሲል ግን ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ይሄን ከየት ተማረችው?» ይላል። በሽንኩርት ዋጋ ውስጥ እንዳልሆነ ርግጥ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አስኮ የሚሄዱት ወጣቶች ብቻ አይደሉም። ከቡራዩ ሸሽታ እዚያ ፋርማሲ የተሰለፈች አንዲት ልጅ ዞር ስትል ከኋላዋ አክስቷን አገኘች አሉ። ሁለቱም ፓናዶል ገዝተው ተመለሱ።