በዶልፊን ወደ ጨፋ ባሕር

ባሕር አይቼ አላውቅም። ከቤታችን አሰብን ያየው አባቴ ብቻ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ይወርድና ተመልሶ ሲመጣ ሙቀቱን ያወራልናል። “ክፍል አልፈህ ከመጣህ እወስድሃለሁ” ይለኝ ነበር። እኔ አለፍኩ፤ መንገዱ ግን በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ተዘጋ።

ስለዚህ የከሚሴው ጓደኛዬ “ጨፋ የሚባል በተራራ የተከበበ ባሕር አለን፣ ና” ሲለኝ ለማጣራት አልፈለግኩም። ቁምጣና ፎጣ በፌስታል ቋጥሬ፣ በወርሃ ጥር፣ ገና ሳይነጋ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናው ሰው ዶልፊን የሚለው ዓይነት ነው። ወደ ባሕር በዶልፊን! ገድ ነው አልኩ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዋሻው አፍ ድረስ ተዘርግቶ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ጨለማ ከውጭው ጨለማ መለየት አቃተን። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቼ ጃኬቴን አወለቅኩ። ሸዋ ሮቢት ሹራቤ ወለቀ። ሰንበቴ ስንደርስ ካልሲዬንም አወለቅኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የሚቀጥለውን ፈርተው ነው መሰል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከሚሴ ስገባ ጓደኛዬ ሐርቡ ለቅሶ ደርሶ ነበር። “ባጃጅ ያዝና ቀድመህ እየው” አለኝ በስልክ። የባጃጁ ልጅ “ባሕር” ስለው ግራ ገባው፤ “ጨፋ” ስለው ጊዜ ግን መሪውን አዞረ። መንገድ ዳር አውርዶኝ በአገጩ አሳየኝ።

ሳር ነው። ወዲህ ተራራ፣ ወዲያ ተራራ፣ መሃሉ ዓይን እስኪደክም ሳር። ዙሪያው በበጋ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ እሱ ብቻ ለምልሟል። ጨፌ ማለትስ እርጥብ መስክ አይደል? ስሙን አስቤው ቢሆን ቁምጣውን ባልያዝኩ። አዲስ አበባ ለዓመት በዓል በእቅፍ የምንገዛውን ቄጠማ እዚህ ላሞች ያለ ጭንቀት ይግጡታል። ወዲያ ማዶ የአፋር ግመሎች፣ ወዲህ የኦሮሞና የአርጎባ ከብቶች፤ በጋ ሲጠና ሁሉም የሚወርደው ወደዚሁ ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ ማረሻ እየበላው ነው፣ ይኼ ሲታረስ ከብቱ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።

ውሃውስ? ከሳሩ ሥር ሲያብለጨልጭ አየሁትና “ከመጣሁ አይቀር” ብዬ ገባሁ። በሦስተኛው እርምጃ ጉልበቴ ድረስ፣ በአምስተኛው ጭኔ ድረስ ሰመጥኩ። አንዱን እግሬን ስነቅል ሌላው ይወርዳል። ጭቃው ይሞቃል፣ የበሰበሰ ሳር ይሸታል፣ ይልቅ የሚያሳፍረው አንዲት ጥጃ ማመንዠኳን ትታ እኔን ማየቷ ነው።

“አብሽር! አትርገጠው፣ ተኛበት!” አሉኝ አንድ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ። በደረቴ ተኛሁ። ዱላቸውን ዘረጉልኝ፤ እንደ እርጥብ ግንድ ጎትተው አወጡኝ። ግራ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

“ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?”

“ባሕር ፈልጌ ነው፣ አባባ።”

ፌስታሌን አዩ፣ ቁምጣውን አዩ። አልሳቁም፤ ሳቃቸውን ዋጡት እንጂ። “ይኼማ የከብት ነው” አሉኝና ከኮዳቸው ውሃ አፍስሰው እግሬን አስታጠቡኝ።

ማታ ጓደኛዬ ከለቅሶ ተመልሶ እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ፤ ቀን ያላለቀሰውን ጭምር ይመስለኛል። በአንድ ጫማ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ፣ የሄደው ጫማዬ እንኳ ባሕር ይደርስ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። አይደርስም። የጨፋ ውሃ በቦርከና ወንዝ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል።