ቅጠል የተሳለበት ጠርሙስ

እሰየው! ተፈጥሮ ከጉልት ተነሥታ ቡቲክ ገባች። ትናንት ከጥቁር አዝሙድና ከእሬት ጋር ማዳበሪያ ላይ ተዘርግታ በመደብ ስትሸጥ ዞር ብሎ ያላያት ከተሜ፣ ዛሬ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ገብታ፣ አንገቷ ላይ የቃጫ ክር ታስሮላት፣ ደረቷ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎላት ሲያገኛት የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይንሰፈሰፋል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት አሁን ተሻሽሏል፤ መዳቡን በጠርሙስ አሽጎ መልሶ ለባለቤቱ መሸጥ ይቻላል። የተገባልን ቃልም ትልቅ ነው፤ ቤቱን «ከኬሚካል ያጸዳ» ሰው ጤናውን ይጠብቃል፣ ምድርን ያድናል፣ ገንዘቡንም ይቆጥባል። ሦስቱም በአንድ ግዢ! የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለማጣራት ጥናት ያስፈልግ ይሆናል፤ ሦስተኛውን ግን ደረሰኙ ያጣራዋል። ነገሩ ግራ የሚያጋባው፣ ቤታችንን በፕላስቲክና በፍሳሽ የሞላው የግዢያችን ብዛት ሆኖ ሳለ፣ የታዘዘልን መድኃኒት ሌላ ግዢ መሆኑ ነው።

ሥርዓቱ በማጽዳት ይጀምራል። ግማሽ የቀረው ላርጎ፣ ሩቡ ያልተነካ ኦሞ፣ ክዳኑ ብዙም ያልተከፈተ ሻምፑ ተለቃቅሞ ይጣላል፤ ለምድር ሲባል። የተመረተው ተመርቷል፣ ፕላስቲኩ ተቀርጿል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ቢያንስ ተጠቅመን እንጨርሰው የሚል ሰው ግን እንዳልነቃ ይቆጠራል። ቀጥሎ ዕቃ መግዛት ይመጣል። ቤት ውስጥ ያለው የማርማላታና የማር ብርጭቆ ፎቶ ላይ ስለማያምር፣ ቁመታቸው እኩል የሆኑ፣ የእንጨት ክዳን ያላቸው ደርዘን የብርጭቆ ዕቃዎች ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። አሮጌዎቹን ቁራሌው ይወስዳቸዋል። (ይህ ሰው ብርጭቆውን፣ ጀሪካኑንና ቆርቆሮውን ለዓመታት ከደጃችን እየሰበሰበ መልሶ ወደ ሥራ ሲያስገባ አንድም ቅጠል አልተሳለለትም።) ከዚያ የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽ አለ። በቀርከሃ ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር፣ እጀታው ቻይና ተጠርቦ፣ ጸጉሩ ናይለን ሆኖ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይደርሰናል። የሱቁ በር ላይ ደግሞ አንድ ልጅ የወይራ መፋቂያ አስሮ ቆሟል። መፋቂያውን ጫፉን ትልጣለህ፣ እስኪብተነተን ታኝከዋለህ፣ ጥርስህን ትፍቃለህ፣ ጫፉ ሲያልቅ ቆርጠህ ትጥላለህ፤ የተጣለው እንጨት ነው፣ ይበሰብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ልማዱ ባለበት አገር እንዲበረታታ መክሯል። ግን ምን ያደርጋል፣ ልጁ ማሸጊያ የለውም።

የሰሞኑ ዋና ተአምር አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ናቸው። ሁለቱን አደባልቀህ ስትደፋ ይፍለቀለቃል፤ የሚፍለቀለቅ ነገር ደግሞ የሚሠራ ይመስላል። የሆነው ግን አሲዱና ቤዙ ተጋጥመው እርስ በርስ መሸናነፋቸው ነው። ጋዙ ከበነነ በኋላ ማጠቢያው ላይ የሚቀረው ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው፣ ያውም ሁለት ዕቃ ተገዝቶበት። ለየብቻቸው ቢሆን ሁለቱም ቁም ነገረኞች ናቸው፤ አቼቶ የውሃ ማፍያ ውስጥ የጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያላቅቃል፣ ሶዳው በእርጥብ ጨርቅ ሲፈተግ የምድጃ ቅባት ያነሣል። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ መጠቀም በእርግጥ ርካሽ ነው፤ ለቪዲዮ ግን አይሆንም፣ አረፋ የለውማ። ይልቅ ይህን ሁሉ ድብልቅ የሚያስተምሩን ሰዎች አንዲት ነገር ጮክ ብለው ቢናገሩ ምስጋናችን ባልተለያቸው፦ አቼቶ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። አቼቶው ተፈጥሯዊ መሆኑ ያን ጊዜ አያማልድም።

«ተፈጥሯዊ ነገር ማንንም አይጎዳም» የሚለውን እምነት ለመፈተን ከእንዶድ የተሻለ ምስክር የለንም። አያቶቻችን ነጠላቸውን ያነጡበት ይህ ፍሬ አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው ያያሉ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነውና፣ ከዚያ የጀመረው ምርምር እሳቸውንና ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አበቃቸው። ልብ በሉ፤ እንዶድን ያስከበረው ገዳይነቱ ነው፣ ወንዝ ውስጥ ሲበዛ ዓሣውንም አይምርም። ስለዚህ ጥያቄው ከቅጠል መጣ ወይስ ከፋብሪካ የሚል ሳይሆን፣ ምን ያህል ነው፣ ወዴትስ ይፈስሳል የሚል ነው። የታሪኩ ቀሪ ክፍል ለእኛ ዘመን ሽሙጥ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል፦ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ሲያውቅ ፓተንት አወጣበት። እኛ ቆሻሻ ልብስ ስናጥብበት ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ እነሱ ሲያስመዘግቡት ግኝት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፣ ሊነሣም ይገባዋል። «እንዶድ ማን ይወቅጣል? ድስት በአመድ፣ ጋን በግራዋ ማን ይፈትጋል?» እውነት ነው፤ የድሮው ንጽሕና ርካሽ የሆነው የሴቶች ጉልበት ሒሳብ ውስጥ ስላልገባ ነው። ኦሞ ሲመጣ የብዙ እናቶች ወገብ ቀና ብሏል፣ ያን ማናናቅ ነውር ነው። በተለይ ሳሎን ተቀምጦ «ወደ አያቶቻችን ጥበብ እንመለስ» የሚለው አባወራ፣ የሚመለሰው እሱ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ተመላሿ ጓዳ ያለችው ሠራተኛ ናት፣ ደመወዟም ለጥበቡ ሲባል አልተጨመረም። ስለዚህ ወንዝ እንውረድ የሚል የለም። ግን በወንዙና በቡቲኩ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ያለውን ላርጎ መጨረስ። ኦሞን በእፍኝ መበተን ትቶ በማንኪያ መስፈር፤ አረፋ መብዛቱ ውሃ ያስበላል እንጂ ልብሱን አብልጦ አያነጣም። ከፈሳሹ ይልቅ ደረቁን ሳሙና መያዝ፤ ፈሳሹ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ በጠርሙስና በጭነት መኪና የምንከፍለው ውሃ ለማጓጓዝ ነው። ለጸጉር ለጋ ቅቤ የሚቀባ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ምክር ከመስማቱ በፊት ጉዳዩን ጨርሷል። እነዚህን የሚያስተዋውቅ ግን አይገኝም፤ ሁለት ማንኪያ ኦሞ መቀነስን ስፖንሰር የሚያደርግ ድርጅት ከየት ይመጣል?

«እና ሠርተው የሚያድሩትን ወጣቶች ገበያ ልትዘጋ ነው?» የሚለኝም አይጠፋም። አልዘጋም። ከእነሱ መካከል ዘይቱን በራሳቸው የሚጨምቁ፣ ሚዛን የሚያውቁ፣ ለሙያቸው የሚጠነቀቁ አሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያን በምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ሥር ያስገባው «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ነጻ አውጥቶ አይደለም፤ በውስጡ ምን እንዳለና መቼ እንደሚበላሽ ያልጻፈ ቅባት፣ የገዛ እናታችን ብትሠራውም፣ ፊት ላይ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄ ይገባዋል። ቀጭን ፌስታል በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ከታገደ ወዲህም እነዚሁ ጠርሙሶች በፌስታል ተንጠልጥለው በሞተር ሲመላለሱ ኖረዋል። ባዶውን ጠርሙስ ተቀብሎ፣ አጥቦ፣ መልሶ የሚሞላ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ የሚቀንስ ሻጭ ካለ አድራሻውን ለጎረቤት መስጠት ተገቢ ነው። የቀሩት ይሽጡ፣ ያምርባቸው፣ የሚገዛም ይግዛ፤ ብቻ ከማስታወቂያቸው ላይ «ወጪ ቆጣቢ» የምትለዋን ቃል ያንሡልን።