ቀላል ነው

የፕሪንተር ቀለም ሲያልቅ የመጀመሪያው ሕክምና መናጥ ነው። ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ ባየኋቸው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ሁሉ ያው ነው። ወረቀቱ መሃሉ ገርጥቶ ሲወጣ ልጅቷ ካርትሪጁን መዝዛ ታወጣና ቅቤ እንደሚወጣበት ቅል ግራና ቀኝ ትንጠዋለች። መልሳ ስትከተው ጽሑፉ ይደምቃል፤ ለሃያ ገጽ ያህል። ከዚያ እንደገና ይናጣል። ተአምር አይደለም፤ ጥግ ጥግ ይዞ የቀረው ዱቄት ወደ መሃል ስለሚመለስ ነው። እኔ ቤት ያለው ፕሪንተር ግን ከሦስተኛው ንጠት በኋላ ቅቤው ወጥቶ አልቋል፤ አሬራም አልቀረው።

"ቤት ውስጥ ፕሪንተር ምን ያደርግልሃል?" የሚለኝ ካለ፣ ዲጂታል ሆነናል በተባለ ማግስት ወረቀት የሚጠይቀው መስኮት ስንት እንደሆነ ያልቆጠረ ሰው ነው። የፋይዳ መታወቂያህን ከስልክህ ስታሳይ "ፕሪንት አድርገህ አምጣ" ትባላለህ። በቴሌብር ከፍለህ የደረሰህን መልእክት ስታሳይም "እሱንም በወረቀት" ትባላለህ። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ ፕሪንተር ያስቀመጠ ሰው ጤፍ ያስቀመጠ ያህል ነው።

ከግቢያችን በር አጠገብ ካርትሪጅ የሚሞላ ልጅ አለ። ዋጋውን ብጠይቀው የሁለት ሰው ምሳ የሚያበላ ገንዘብ ጠራብኝ።

"ለዱቄት?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ዶላሩን ያውቁታል" አለኝ።

ዶላሩንስ አውቀዋለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻግሮ ሲሄድ ማን ያላየው አለ? የቶነሩ ዱቄትም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ዲግሪ ያለው ሰው አንድ ጠርሙስ ዱቄት አንድ ሳጥን ውስጥ ለመጨመር የምሳ ገንዘቡን አይሰጥም። መርካቶ ወረድኩና ጠርሙሱን ራሱን ገዛሁ። ማታ ስልኬን ከፍቼ ጓንት ያጠለቀ ሰው በአምስት ደቂቃ ሞልቶ ሲጨርስ አየሁ።

"ቀላል ነው" አልኳት ባለቤቴን።

እሷ ይህችን ቃል ታውቃታለች። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ቀላል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሲያንጠባጥብ ያድራል። የግድግዳው ሰዓት ቀላል ነበር፤ ምስማሩ የመብራት መስመር ላይ አርፎ ሁለት ቀን በሻማ አመሸን። ስለዚህ ምንም አልተናገረችም። የፋሲካ መጋረጃዎቿን ከሳሎን አውልቃ መኝታ ቤት ቆለፈችባቸው።

በቤት ውስጥ ቀለም መሥራት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቀው፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ወቅጠው፣ በውሃ ዘፍዝፈው፣ ወር በወር ላይ እያማሰሉ ያብላሉት ነበር። ከዚያ በቀንድ ይይዙታል፤ የተማረን ሰው "የቀለም ቀንድ" የምንለውም ከዚሁ ቀንድ ነው። ዛሬ ቶነር የምንለው ደግሞ ከስሙ በቀር ቀለም አይደለም። ደቆ የተፈጨ ፕላስቲክ ነው፤ ጥላሸት ወይም ጥቁር የብረት ኦክሳይድ የገባበት። ቅንጣቷ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ታንሳለች። ስለዚህ ነገሩ ያው የጥንቱ ጥላሸት ነው ብዬ ተጽናናሁ። የጥንቱ ሰው ወራት የሰጠውን ሥራ እኔ በአምስት ደቂቃ ልጨርስ ማሰቤን ግን ልብ አላልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ብርሃን እንዳይጎድለኝ ብዬ፣ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው። ካርትሪጁ ውስጥ ድራም የሚሉት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዘንግ አለ፤ ሥራው ብርሃንን መለየት ነው። የፕሪንተሩ ጨረር ፊደሉን በኤሌክትሪክ የሚጽፈው በእሱ ላይ ነው፤ ዱቄቱም ተጽፎ ያገኘው ላይ ይጣበቃል። ጸሐይ ላይ ማስጣት ዓይን የታመመን ሰው ጸሐይ እያሳዩ እንደማከም ነው። እኔ ግን አስጥቼው ሳበቃ አቧራ መስሎኝ በሶፍት ፈተግሁት።

ሁለተኛው ስሕተት ቀዳዳው ነው። ባለሙያ ካርትሪጁን በወጉ ይፈታዋል። እኔ በምድጃ ላይ ቢላዋ አግዬ ጎኑን በሳሁት። የዱቄቱን ማስቀመጫ ማግኘቴ ዕድል ነው። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ አደረግሁ፣ ከወረቀት ማንቆርቆሪያ ጠቅልዬ ገለበጥኩት። ግማሹ ገባ።

ስለ ሌላው ግማሽ ለመናገር ስለ ሰፈሬ ስም ልናገር። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው መልእክት ያለ ሽቦ በነፋስ ሲሄድ ሰው በተደነቀበት ዘመን ነው ይባላል። የዚያን ቅዳሜ እኔም መልእክቴን በነፋስ ላክሁ። ጥቁር ጭስ የሚመስል ነገር ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥቶ፣ ትንሽ ዞር ዞር ብሎ፣ ከታች ወደ ተሰጣው ልብስ ወረደ። የወደቀውን በመጥረጊያ ልጠርግ ብል ያረፈውም ተነሣ። ልጄ ልታይ መጥታ ድስት የላሰች ድመት መስላ ተመለሰች።

ከሥራችን የሚኖሩት እማማ ለእሁድ ቅዳሴ ያጠቡትን ነጠላ አስጥተው ነበር። የከሰል ጥቀርሻ መሰላቸው። ደህና አድርገው ቢያራግፉት፣ በቀዝቃዛ ውሃም ቢያልፉበት በለቀቀ ነበር። እሳቸው ግን ንጹሕ ሴት ናቸው፤ ውሃ አፍልተው አጠቡት። ከዚያም አድርቀው ተኮሱት።

እዚህ ላይ አንባቢ ፕሪንተር የመጨረሻ ሥራውን እንዴት እንደሚጨርስ ይወቅ። ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ ካረፈ በኋላ ቢነኩት ይረግፋል። እንዳይረግፍ ወረቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ በሚግል ጥቅል መካከል ያልፋል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል። ጥቅሉ በሌላ አነጋገር ካውያ ነው። እንግዲህ እማማ ሳያውቁት የእኔን ሥራ ከዳር አደረሱልኝ። የዚያን ቀን ያተምኩት ብቸኛ ነገር የእሳቸው ነጠላ ነው። ጥራቱ ግሩም ነበር፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ነጠላውን ዘርግተው ይዘው ሲመጡ "ልጄ፣ ይሄ ምን የሚባል ሕመም ነው?" አሉኝ። እንደሚተካ ምዬ ሸኘኋቸው።

ባለቤቴ አሁንም ዝም ብላለች። ዝምታዋ ስለከበደኝ ታሪክ ጠቀስኩ። የዚህ በዱቄት የማተም ጥበብ አባት ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እሱም የጀመረው በቤቱ ማድቤት ድኝ እያቀለጠ፣ ጎረቤት በጠረኑ እስኪማረር ድረስ ነው አልኳት። የመጀመሪያዋን ደረቅ ቅጂ በኒውዮርክ፣ አስቶሪያ በሚባል ሰፈር፣ በጥቅምት 22 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. አወጣ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ በደንብ ለገበያ የበቃው ግን በ1959 ነው፤ ከ21 ዓመት በኋላ።

"ሰውየው ሚስት ነበረችው?" አለችኝ።

"ነበረችው።"

በ1945 መፋታታቸውን ግን አልነገርኳትም።

ካርትሪጁን ወደ ፕሪንተሩ መለስኩትና ላትም ያሰብኩትን ማመልከቻ አዘዝኩ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በጥቁር መስመር ተሰነጣጥቆ፣ ጀርባው ጭምር ጠቁሮ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ካርትሪጁን በፌስታል ጠቅልዬ የሚሞላው ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ፌስታሉን ገና ሲያየው ገባው።

"ጋሼ፣ ቪዲዮ አይተው ነው አይደል?"

አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ዘንጎች በጉጠት ነቅሎ ካርትሪጁን ለሁለት ከፈለው። አንደኛውን ወገን ጋዜጣ ላይ ሲገለብጠው ቁልል ጥቁር ዱቄት ወረደ። "ይሄ ቆሻሻው ነው" አለኝ። ወረቀት ላይ ሳይጣበቅ የተረፈውን ዱቄት ቢላ የሚመስል ላስቲክ ከድራሙ ላይ እየጠረገ ወደ ጎን ማጠራቀሚያ ይሰበስበዋል። ማጠራቀሚያው ሳይራገፍ ከወዲያ አዲስ ዱቄት ቢሞላ፣ ቆሻሻው ሞልቶ ወረቀቱ ላይ ይፈሳል። ቪዲዮው ላይ ይህም ነበረ መሰለኝ፤ እኔ ግን አሳልፌ ነው ያየሁት። ድራሙን ደግሞ ወደ መብራት አዙሮ አሳየኝ፤ የሶፍቴ ፍትጊያ እንደ ቄጠማ ተሰትሮበታል። ይቀየራል።

ዋጋው የመጀመሪያው ሆነ፤ የድራሙም ተጨመረ። እንዲህ ተዋርጄም ልማዴ አልለቀቀኝም።

"ዱቄቱን እኔ ገዝቻለሁ እኮ። ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?"

"ዱቄቱንማ ጋሼ በነፃ ልስጥዎት" አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

መልስ አልነበረኝም። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ መቶ ዓመት አልፏል። ቀጥቃጩን "ቡዳ"፣ ሸማኔውን "ቁጢት በጣሽ" ማለቱን ትተናል። ያ ንቀት ግን አልጠፋም፤ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ። አሁን ስሙ "ቀላል ነው" ሆኗል። ሐኪም ዘንድ ገብተን ለክኒኑ ብቻ እንክፈል አንልም። ቧንቧ ሠሪውን፣ ኤሌክትሪሻኑን፣ ካርትሪጅ ሞይውን ግን የምንከፍለው ለላስቲኩ፣ ለሽቦውና ለዱቄቱ ብቻ ይመስለናል። እጃቸውን በምርቃት የሚሰጡን ይመስል።

ልጁ በሩብ ሰዓት ጨርሶ ሰጠኝ። ማመልከቻዬ ኩልል ብሎ ወጣ። ሁለት ገጽ ነበር። እዚያው እሱ ዘንድ ቢታተም ኖሮ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም ነበር። ለነጠላው ሽሮሜዳ ወርጄ የከፈልኩትን ከዚህ ጋር አልደምረውም፤ ሒሳብ ከልክ ሲያልፍ ኃጢአት ይሆናል።

የተረፈው ዱቄት ፍሪጁ ላይ ተቀመጠ። "ይጠቅማል" በሚለው ማኅደር ውስጥ፣ ከሞተው ቻርጀርና ከተሰበረው ጃንጥላ ጋር። ባለፈው ቅዳሜ አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አገኘኝ።

"ፕሪንተሬ ገርጥቶብኛል። አንተ ዱቄት ተርፎሃል አሉ። ልጁ የጠራብኝን ብትሰማ! ከባድ ነው እንዴ ሥራው?"

አንድ ቀን ሙሉ ልነግረው እችል ነበር። ስለ ድራሙ፣ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ እማማ። ነገር ግን ሰው አንዴ ከተሞኘ ብቻውን መሞኘት አይወድም።

"ቀላል ነው" አልኩት።

ጠርሙሱን ሰጥቼው በሩን ስዘጋ፣ ባለቤቴ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ እየተሯሯጠች ትሰበስብ ነበር።