መልካም ንጋት እንዴት ይላካል?

ወዳጅን «እንደምን አደርክ» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ትልቅ ነገር ደግሞ ሥርዓት አለው። በእርጋታ ይከተሉኝ።

1. ዓይንዎን እንደገለጡ ስልክዎን ይክፈቱ። ከጎንዎ ለተኛው ሰው አይጨነቁ። ቴሌግራም አለው፤ ይደርሰዋል።

2. ምስል ይምረጡ። ጤዛ ያረፈባት ጽጌረዳ ሁሌም ታምራለች። ጥቅሱን ማንበብ አያስፈልግም፤ የሚደርሰውም ሰው አያነበውም። ጥግ ላይ የሌላ ቻናል ስም ካለ ይተዉት። ፍቅርዎ ከየት እንደተቀዳ ቢታወቅ ምን ይጎዳል?

3. ጥያቄ በፍጹም አይጻፉ። «እንዴት አደርሽ?» ካሉ እህትዎ «ሌሊቱን ሙሉ ስስል አደርኩ» ልትል ትችላለች። ከዚያ መደወል አለ፤ መሄድ አለ፤ ብርቱካን መግዛት አለ። ጽጌረዳዋ ግን መልስ አትጠይቅም።

4. ማንንም አያስቀሩ። ለቤተሰቡ፣ ለእድሩ፣ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አብረውዎት ለተመረቁት ይላኩ። ዋትስአፕ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 ቦታ በላይ ማስተላለፍን ከልክሏል። አሉባልታ ለመግታት ነው፤ እርስዎን አይመለከትም። አምስት አምስት እያደረጉ ይቀጥሉ። የቴሌግራም ግሩፕ ግን እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጣት መውደድ ይቻላል።

5. ዋሽንግተን ያለውን ወንድምዎን ያስቡት። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ሁለት ሥራ ውሎ ገና ጋደም ማለቱ ነው። ስልኩ ትራሱ ሥር ጮኾ ንጋቱን ያብሥረው። እሱም ሲነጋለት ብድሩን ይመልሳል፤ እርስዎም ከምሳ በኋላ ዳግመኛ ይነጋልዎታል።

6. ስልክዎ ቢሞላ አይደንግጡ። የጉግል ባለሙያዎች ህንድ ውስጥ ስልኮች ለምን እንደሚሞሉ ሲመረምሩ አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው የማለዳ ምስል መሆኑን እንደደረሱበት በ2010 ዓ.ም. ተዘግቧል። ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም። ቦታ ሲጠብዎ የልጅዎን ፎቶዎች ያጥፉ። ልጁ እንደሆነ ቤት ውስጥ አለ፤ ጽጌረዳዋ ለነገም ታስፈልጋለች።

7. ደረጃው ላይ ጎረቤትዎ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እንደምን አደሩ?» ቢሉዎት ራስዎን ነቅነቅ አድርገው ይለፉ። እጅዎ ሥራ ላይ ነው። እሳቸውም የእድሩ ግሩፕ ውስጥ አሉ፤ ሰላምታቸውን እዚያው ያገኙታል።

8. ለሳምንታት ዝም የሚል ወዳጅ ቢኖር አይቀየሙት፤ አይደውሉለት። መላክዎን ብቻ ይቀጥሉ። ምናልባት አንድ ማለዳ ፎቶው በዚያው በእድሩ ግሩፕ፣ ከቀብሩ ሰዓት ጋር ይወጣ ይሆናል። አደራዎን፣ ያን ዕለት ጽጌረዳዋን ትንሽ ቆየት ብለው ይላኩ።